የእንድሪስ ባቡር

ሰው ለሠርግ ሲጠራ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ ከድሬዳዋ ኮምቦልቻ ድረስ የሄድኩት በቅናት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያንን አገር ላላያችሁት፣ ምናልባትም ለማታዩት ስለምጽፍ ነው። የማወራላችሁን ዳገትና ሜዳ ሁሉ ያየሁት ቅናት አንጀቴን እየበላኝ ስለሆነ፣ ያጋነንኩ ወይም ያሳነስኩ ከመሰላችሁ በዚያ ተረዱልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ምድር ባቡር፣ ፈረንሳዮቹ ከጅቡቲ ጀምረው በዘረጉት መስመር ላይ፣ ባቡር ነጂ ነበርኩ። እንድሪስ ረዳቴ ነበር። የወሎ ልጅ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ብዙ ዘመንም አብረን ናፍጣ አሸተትን። መስመሩ ሲሞት እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳዬ ላይ ቀረሁ፤ እሱ አገሩ ኮምቦልቻ ገባ። ከዚያ ምን ይሆናል? አዲስ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ተራራውን እየበሳ በእነሱ ደጃፍ አለፈ። በኛ በኩልም አዲስ መስመር ተሠርቷል፤ ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ የሚነዱትም ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ናቸው። አንድ ቀን እንድሪስ ደወለና "አያ ተስፋዬ፣ የሙከራውን ባቡር እኔ ነዳሁት" አለኝ።

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ግን ድብን አልኩ። የእኔ ረዳት! በበረዶ እንደሚጫወት ልጅ እጁን በመስኮት አውጥቶ ንፋስ ሲመታ እኔ ስቆጣው የነበረው!

ዓመታት አለፉና ዘንድሮ ደግሞ ደወለ። "ልጄን ሰዓዳን ልድራት ነው፣ እንዳይቀሩብኝ። ከመጡ ባቡሩ ላይ አስቀምጥዎታለሁ፤ ነጂው ወንበር ላይ።" ከሠርጉ ይልቅ የሰማሁት ይህንን ነው። አንዴ ብቻ፣ ባቡሩ ቆሞም ቢሆን፣ ያ ወንበር ላይ መቀመጥ አማረኝ። ለሙሽራዋ የአገራችንን ስስ ቀሚስ፣ ድሪያ፣ ገዝቼ ሻንጣዬን ዘጋሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ድሬዳዋ መናኸሪያ ማለዳ ደረስኩ። አውቶቡሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ባቡር ሞላም አልሞላም ይነሳ ነበር፤ ጣቢያ ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ ፊሽካ ሲነፋ ሚኒስትርም ቢሆን ከውጭ ከቀረ ቀረ። ይህንን አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ነገርኳት። "ታዲያ ለምን ቀረ?" አለችኝ።

በመንገድ ላይ አሮጌው ሐዲድ ከአስፋልቱ ጎን እየታየ እየጠፋ ይከተለናል። ድልድዮቹ አሉ። ጣቢያዎቹ ጣሪያቸው ረግፎ ፍየል ይውልባቸዋል። አንዳንድ ቦታ ሐዲዱ ተነቅሎ የግቢ አጥር ቋሚ ሆኗል፤ ጠንካራ አጥር ነው፣ አይነቀንቀውም ማንም። እኔ በዚያ ላይ በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ጠርጎት እንዳይሆን እያልኩ በእግር ፍጥነት የነዳሁበት አገር ነው። የሐዲድ ሠራተኞቹ ፋኖስ ይዘው ቀድመውን እየሄዱ ጠጠሩን በእጃቸው ይነካኩ ነበር።

አዋሽ ያደርኩበት ቤት ባለቤት አሮጊት ናት። በወጣትነቷ ባቡሩ ሲቆም በመስኮት ዕንቁላልና ሻይ ትሸጥ እንደነበር ስትነግረኝ ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ። ነጂ እንደነበርኩ ነገርኳት።

"እንዴ! ያ ረጅሙ፣ ጥርሱ ወርቅ የሆነው አንተ ነህ?"

አይደለሁም። ያ ሌላ ነጂ ነበር፣ ሞቷል፣ እግዜር ነፍሱን ይማር፤ በእሱም ቀናሁ። ማራገቢያው ስለተበላሸ አልጋዬን እሷው ግቢ አወጣችልኝ፣ አንሶላውንም በውኃ ረጭታ አነጠፈችው። "መኪናው ሁሉ ጥሎን ያልፋል" አለች ትራሱን እየመታች። "ባቡር ግን መቆም ግዴታው ነበር።" እንዲህ ያለ ነገር ጡረታ ስወጣም ማንም አልነገረኝም።

ሁለተኛው ቀን

ወደ ኮምቦልቻ በሚሌና በባቲ በኩል የሚሄድ ሰው አዋሽ ላይ መኪና መለመን አለበት። ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ተሳቢ እየጎተተ የመጣ ሾፌር አሳዘንኩት መሰለኝ ጫነኝ። ጭነቱ ለኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ነው። ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣ ጨዋታ የሚችል ሰው ነበር።

"ፋዘር፣ ምን ነበር ሥራዎ?"

"ባቡር ነጂ።"

ሳቀ። "እንግዲህ ይቅር ይበሉን። እናንተን የገደልናችሁ እኛ ነን።"

እውነቱን ነው። የእኛን ጭነት እነሱ ወሰዱት። እኔ በአንድ ጉዞ የምጎትተውን ፉርጎ እሱና ጓደኞቹ ተሰልፈው ነው የሚያነሱት፤ ይህንንም ነገርኩት። "ልክ ነዎት" አለ፣ "እኛ ግን ሲበላሽብን አስፋልት ዳር አውርደን እንጠግናለን፤ እናንተ ስትበላሹ አገሩ ሁሉ ይቆማል።" ወዲያው ጎማው ፈነዳ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። በዚያ ሐሩር ጥላ ፍለጋ ከተሳቢው ሥር ተጋደምን፤ ካለችው ውኃ መጀመሪያ እኔን አጠጣኝ፣ ከዚያ ራሱ ጠጣ። ደስ ማለቴ ያን ጊዜ አፈርኩበት።

ከሚሌ ወደ ባቲ ሲታጠፉ አገሩ መነሳት ይጀምራል። ግመሎች ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ ንፋሱ ይለወጣል። ከባቲ በላይ ደግሞ ማሽላው፣ አረንጓዴው! ድሬዳዋ አሸዋ ስትጠርግ እነዚህ ሰዎች ደመና ላይ ተደግፈው ይኖራሉ። ማመሻሻ ላይ ኮምቦልቻ ገባን። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ወጥቶ መንገዱ በሠራተኛ ተሞልቷል። የእኛም ከተማ ባቡሩ እያለ እንዲህ ነበረች፤ የወርክሾፑ ፊሽካ ሲነፋ ሰው በሰው ላይ ነበር።

እንድሪስ በባጃጅ መጥቶ አቀፈኝ። ሸብቷል፤ ወፍሯል። ቤቱ ስንገባ ሚስቱ ዘይነባ በር ላይ ቆማ "ኧረ እንኳን በሰላም መጡ! አብሽሩ፣ ይግቡ በሏ!" እያለች ሻንጣዬን ቀማችኝ። እኔ ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ በሬን የምከፍተው ራሴ ነኝ።

እራት ሲቀርብ ለእኔ የመጣው ከጎረቤት ነው። ወይዘሮ ዓለምነሽ የምትባል ክርስቲያን ጎረቤታቸው "የኔ እንግዳ" ብላ በእነሱ ገንዘብ ለእኔ ብቻ በግ አሳርዳ፣ በራሷ ድስት ሠርታ አመጣችው። በወሎ ሠርግ ሁለት ዓይነት እርድ መኖሩ ወግ ነው፤ እስላሙ ለክርስቲያን እንግዳው፣ ክርስቲያኑም ለእስላም እንግዳው ያስባል። ሁላችንም በአንድ ክፍል፣ በየትሪያችን፣ እየተጎራረስን ሳይሆን እየተያየን በላን። "አያ ተስፋዬ፣ ይብሉ እንጂ!" ይላል እንድሪስ። በላሁ። እየበላሁም በሚስቱ፣ በልጆቹ፣ በጎረቤቱ ሳይቀር ቀናሁ።

"ባቡሩንስ መቼ?" አልኩት።

"ኢንሻአላህ" አለ። ቀን አልጠራም።

ሦስተኛው ቀን

ለሙሽራው ቤተሰብ ሊያስተዋውቀኝ ደሴ ይዞኝ ወጣ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ተጠማዞ ሲወጣ ጆሮዬ ደነቆረ። ደሴ ስንደርስ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። እኔ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሻለሁ! ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያየ ሁሉ ሳቀብኝ፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር "አባባ ከየት በረሃ መጡ?" አለኝ።

የሙሽራው አባት ሐጂ ሙሄ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ነው ቤታቸው። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ትልቅ። ሳልቀመጥ ከትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ። "ወላሂ አይመልሱትም!" ብለው ማሉ። ትኩስ ሾርባ መጣ። እንድሪስን ግን የተቀበሉት በሌላ ዓይነት ነው፤ ቤቱ ሁሉ ተነሣ፣ ሕፃናቱ እጁን ሳሙት።

"ይኸውልዎት" አሉኝ ሐጂ፣ "ልጄን ከማን ልጅ ላጋባ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሀብት ያለው ሞልቷል። ግን ባቡር እስከ ደጃችን የነዳ ሰው ከየት ይገኛል? ደሴ እንደሆነ ባቡር አይወጣላትም፤ ከፍ ብላለች። እኛ ከኮምቦልቻ በጋብቻ ነው የምንደርስበት!" ቤቱ ሳቀ።

እንድሪስ ትሪው ላይ አቀረቀረ። እኔ የትሕትና መሰለኝ።

"እርስዎስ? በሙከራው ጊዜ ከጎኑ ነበሩ?"

ውስጤ ነደደ። "ከጎኑ ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ" አልኩ፤ ውሸት አይደለም።

"ማሻአላህ! ረዳቱ ነበሩ ማለት ነዋ! እንግዲያው በሠርጉ ቀን ለሰዉ ይነግሩልኛል። ዘመዶቼ የሰው ምስክር ይወዳሉ።"

ረዳቱ! እኔ የእንድሪስ ረዳት! እውነቱን እዚያው ላፈነዳው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የያዘኝ የለበስኩት ጋቢ ሙቀት ብቻ ነው። ስንወርድ በሚኒባሱ ውስጥ ከእሱ ራቅ ብዬ ኋላ ተቀመጥኩ። እሱም ለምን ራቁብኝ አላለኝም።

አራተኛው ቀን

"ዛሬ ባቡሩን ታሳየኛለህ" አልኩት ገና ቁርስ ሳይቀርብ። እሺ አለ። ጣቢያው ይወስደኛል ስል በታክሲ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ሐርቡ ወሰደኝ፣ ከዚያ በእግር። ማሽላ ማሳ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ሐዲዱ ከፊታችን ተጋድሟል።

እንዴት ያለ ሐዲድ ነው! ከእኛው ይሰፋል፤ የእኛው ከእሱ ጋር ሲተያይ የመጫወቻ ነው። የተጋደመበት ሁሉ ኮንክሪት፣ ጠጠሩ በልክ የተሰበረ። ወዲያ ማዶ ተራራው ሆዱ ተበስቶ ዋሻ አፉን ከፍቷል። እኛ ተራራ ሲያጋጥመን ዞረን ነበር የምናልፈው፤ እነዚህ በመሐሉ አልፈውታል። ቆሜ ቀናሁ፤ በድንጋይም፣ በብረትም። ቀረብ ስል ግን የሐዲዱ ራስ ዝጓል። መንኮራኩር የሚሄድበት ብረት መስታወት ይመስላል፤ ያ እንዲህ ከዛገ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ምንም አላለፈበትም። ቀና ስል የመብራት ምሰሶዎቹ አሉ፣ ገመዱ ግን ቦታ ቦታ ላይ ተቆርጧል።

"ባቡሩስ?" አልኩት።

"የለም።"

"የት ሄደ?"

"ለሙከራ መጣ፣ ተመለሰ። ከዚያ መብራቱ አልደርስ አለ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ይኸው ነው።" እንድሪስ ሐዲዱን በሚያቋርጠው የከብት መንገድ ላይ ቆመ። "ቦታዬ ይህቺ ናት፣ አያ ተስፋዬ። ቀይ ጨርቅ ሰጥተው እዚህ አቆሙኝ። ከብትና ሰው እንዳይገባ ሳባርር ዋልኩ። የነዱት የውጭ ሰዎች ናቸው። መስኮታቸውን እያየሁ እጄን አወዛወዝኩላቸው፤ አላዩኝም።"

አላመንኩትም፤ ከዚያ አመንኩት።

"ታዲያ እኔን ለምን ዋሸኸኝ?"

"በእርስዎ ነው የጀመርኩት። አንዴ እንኳን እርስዎን ልቅደምዎት አልኩ። ደወልኩ፤ ለእርስዎ ካልኩ ወዲያ ለሌላው ቀለለኝ። ወንበሩንም ያነሳሁት ለሠርጉ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው።"

ተሳደብኩ። ምን እንዳልኩት አልጽፈውም። ጠጠሩ ላይ እየተመላለስኩ ስጮህ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። እንድሪስ ምንም ሳይል ተቀመጠ፣ የራሱን ጫማ አወለቀና እግሬ ሥር አስቀመጠው፤ የእኔን ቁራጭ በገመድ አስሮ እሱ አደረገው። ጫማው ይሰፋኛል። በእግሩ ሳይቀር ይበልጠኛል ብዬ ልናደድ ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ድሬዳዋ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በእንድሪስ ስቀና በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ አንድ ነገር ሳላውቀው ደግፎኝ ነበር፤ ከእኛ፣ ከእነዚያ ናፍጣ ከሸተቱት ሰዎች መካከል፣ አንዱ ደርሶበታል የሚል። ከሁለታችን አንዳችን እንኳን ነድተነው ቢሆን! ቅናቴ ሲወሰድብኝ ባዶዬን ቀረሁ።

"ሐጂ ነገ ከሰው ፊት ይጠይቁዎታል" አለ እየተመለስን። "እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። ሰዓዳ ግን የውሸታም ልጅ ተብላ ነው የሰው ቤት የምትገባው።"

በሰፋኝ ጫማው እየተንሸራተትኩ ቀድሜው ሄድኩ።

አምስተኛው ቀን

ድንኳኑ ጠዋት ሞላ። ኒካሁ ታሰረ፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሰዓዳ ያመጣሁላትን ድሪያ ከላይ ደርባው መጥታ ጉልበቴን ሳመች። የማያሰክረው መጠጥ፣ ቀሪቦው፣ በጆግ ዞረ፤ ለእኔም ወይዘሮ ዓለምነሽ ከነድስቷ መጣች። ከድሬዳዋ ሠርግ የሚለየው ዘፈኑ ነው፤ እኛ ጆሮ የሚበጥስ ማጉያ ካልከፈትን ሠርግ አይመስለንም፣ እዚህ መንዙማ በድቤ ብቻ ድንኳኑን ያነቃንቀዋል።

ሐጂ ሙሄ ተነሡ። "ያ ጀመዓ! እስቲ ዝም በሉልኝ። እኒህ ሰው ከእንድሪስ ጋር አብረው የሠሩ ናቸው። ያንን ባቡር እንዴት እንዳመጣው ይነግሩናል።"

የእንድሪስን ፊት አየሁት። የሰዓዳን አላየሁም፤ ተከናንባለች። ሲሳሳት ስቆጣው የነበረው ሰው ዛሬ እጄ ላይ ነው፤ እውነቱ አንድ ቃል ነው፣ ለመናገርም መብት ነበረኝ።

"ከአዋሽ የተነሳነው ማለዳ ነው" አልኩ። "እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከጎኑ።"

የማላውቀውን መስመር በማውቀው ሞላሁት። የሐሩሩን ሜዳ፣ የሚሸሹትን ፍየሎች፣ ባቡሩ ዳገት ሲይዝ ወለሉ ከእግር ሥር የሚንቀጠቀጠውን ነገርኳቸው። ዋሻ ውስጥ ሲገባ ጆሮ እንዴት እንደሚደፈን፣ ሲወጣ ብርሃኑ ዓይን እንዴት እንደሚመታ ነገርኳቸው፤ ዋሻ ውስጥ ነድቼ አላውቅም። ረሳሁ፤ ሰዎቹንም፣ ድንኳኑንም። እጄ የባቡሩን ማንሻ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ አሮጌ ባቡር ነጂው የሚቀመጠው በቀኝ ነው፤ ረጅሙ ሞተር ከፊቱ ስለተጋረደ ግራ ኩርባ ሲመጣ መስመሩን አያይም። ረዳቱ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ያይለታል። ነጂው "ግራ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ረዳቱ "ነጻ!" ብሎ ይመልሳል። የኤሌክትሪኩ ነጂ ፊት ለፊቱን ሁሉ በመስታወት ስለሚያይ ማንንም አይጠይቅም።

"ሐርቡን አለፍን" አልኩ፣ "ኮምቦልቻ ልንደርስ ስንል መስመሩ ወደ ግራ ታጠፈ" ስል አፌ አመለጠኝ። "ግራ?" አልኩ።

የነጂውን ቃል እኔ አልኩት። ለሌላ ሰው እየመሰከርኩ እንኳን ወንበሬን መልቀቅ አልቻልኩም።

እንድሪስም፣ የሙሽራዋ አባት፣ ነጂው፣ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ አንገቱን ወደ ግራ አውጥቶ "ነጻ!" ብሎ ጮኸ።

ተያየን። ፊቱ ደነገጠ፣ የእኔም። የተገለባበጠውን ያስተዋለ ሰው ግን አልነበረም። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ሙሄ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ዘመዶቻቸውን "አላልኳችሁም?" አሏቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "መቼ ነው ታዲያ የሚጀምረው? እኔ አንዴ እስከ አዋሽ ደርሼበት መመለስ ነው የምፈልገው" አሉ።

በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ ተመለስኩ። የመጣሁበት ቅናት እዚያ ሐርቡ ሐዲድ ላይ ቀርቷል፤ በእንድሪስ አልቀናም። ግን ሰው ያለ ቅናት አይኖርም መሰለኝ፣ አሁን በሌላ ነው የምቀናው። እዚያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች አብረውኝ ከአዋሽ ተነሥተው፣ ዋሻውን አልፈው፣ ኮምቦልቻ ገብተዋል። እነሱ በዚያ ባቡር ሄደዋል። በእነሱ እቀናለሁ።